በጅማ ለጎበዝ ተማሪዎች የሚሆኑ የትምህርት ውድድሮችና ማበልጸጊያ ሥራዎች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች ከወላጆች፣ ከተማሪዎችና ከመምህራን በብዛት የሚነሱ ጥያቄዎች እዚህ ተሰብስበዋል። የምዝገባና የውድድር ቀን ከዓመት ዓመት ስለሚለዋወጥ ከየትምህርት ቤታችሁ ጠይቁ። ዝግጅቱ ግን በየዓመቱ ያው ነው፤ መልሶቻችንም በእሱ ላይ ያተኩራሉ።

ልጄ ሁልጊዜ ከክፍሉ 1ኛ ነው የሚወጣው። ልዩ ተሰጥኦ አለው ማለት ነው?

ሊሆን ይችላል፤ ደረጃው ብቻውን ግን አያረጋግጥም። ሪፖርት ካርድ የሚያሳየው በአብዛኛው የተማሩትን በትክክል መልሶ መጻፍን፣ የቤት ሥራን በሰዓቱ ማስረከብንና ሥርዓትን ነው። እነዚህ መልካም ነገሮች ናቸው፤ ከተሰጥኦ ጋር ግን አንድ አይደሉም። አሜሪካዊው የትምህርት ተመራማሪ ጆሴፍ ሬንዙሊ እ.ኤ.አ. በ1978 ተሰጥኦ የሦስት ነገሮች መገናኛ ነው ብሎ ነበር፦ ከአማካይ ከፍ ያለ ችሎታ፣ ፈጠራ፣ እንዲሁም የያዙትን ሥራ ሳይለቁ የመቆየት ጽናት። በእኛ ክፍሎች ብዙ ጊዜ የሚታየው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ስልሳና ከዚያ በላይ ተማሪ ባለበት ክፍል 15ኛ ወይም 20ኛ የሚወጣ፣ ደብተሩ የተዝረከረከ፣ ግን መምህሩ ያላሰበውን መንገድ የሚያገኝ ልጅ ሳይታይ ያልፋል።

ቤት ውስጥ ቀላል ሙከራ ማድረግ ይችላሉ። ለ5ኛ ወይም ለ6ኛ ክፍል ልጅ ይህን ይስጡት፦ በአንድ ግቢ ዶሮና በግ አሉ፤ ጭንቅላታቸው ሲቆጠር 20፣ እግራቸው 56 ነው፤ በጎቹ ስንት ናቸው? መልሱ 8 ነው። መልሱን ማግኘቱ ብቻ ግን ብዙ አይነግርዎትም፤ እንዴት እንዳገኘው ይመልከቱ። «ሁሉም ዶሮ ቢሆኑ እግሩ 40 ይሆን ነበር፤ 16 ተርፏል፤ እያንዳንዱ በግ 2 ይጨምራል» ያለ ልጅ ማሰብ ይዟል። ቀጥለው «እግሩ 57 ሊሆን ይችላል?» ብለው ይጠይቁት፤ ከዚያም «በ20 ጭንቅላት የትኞቹ የእግር ቁጥሮች ይቻላሉ?» ይበሉት። ሦስተኛውን ጥያቄ ያለማንም ግፊት ይዞት ወደ ጓዳ የገባ ልጅ፣ ከ40 እስከ 80 ያሉት ተጋማሽ ቁጥሮች በሙሉ ናቸው ብሎ ከተመለሰ፣ ደረጃው ምንም ይሁን ምን ትኩረት ይገባዋል።

በጅማ ለተማሪዎች የሚገኙት ምን ዓይነት ውድድሮች ናቸው?

በቅርብ ያሉት ሦስት ናቸው። አንዱ በክፍሎችና በትምህርት ቤቶች መካከል የሚደረገው የጥያቄና መልስ ውድድር ነው። ሁለተኛው ሂሳብና ሳይንስን በጽሑፍ ፈተና የሚያወዳድረው ነው። ሦስተኛው የሳይንስና የፈጠራ ሥራ ኤግዚቢሽን ነው። መሰላሉ አብዛኛውን ጊዜ ከትምህርት ቤት ይነሳና በጉድኝት ማዕከል (በተቀራራቢ ትምህርት ቤቶች ስብስብ) በኩል ወደ ወረዳ ወይም ከተማ፣ ከዚያም ወደ ላይ ይሄዳል። የጅማ ከተማ የራሷ አስተዳደር ስላላት የከተማው ተማሪ በከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በኩል፣ የማና፣ የሰቃ ጨቆርሳ ወይም የቀርሳ ተማሪ ደግሞ በወረዳው አልፎ በዞኑ በኩል ይሄዳል። ይህን ሳያውቁ በተሳሳተ ቢሮ ደጅ ሲጠኑ ምዝገባ ያለፈባቸው አሉ። መጀመሪያ ርዕሰ መምህሩን ወይም የክበብ ተጠሪውን ማናገር ይበጃል፤ ደብዳቤው የሚደርሰው ለእነሱ ነው።

ከውድድር ውጭ፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የስቴም (የሳይንስ፣ ቴክኖሎጂ፣ ምህንድስናና ሂሳብ) ማዕከል ለአንደኛና ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የተግባር ትምህርት ይሰጣል። የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር በየክረምቱ የሳይበር ታለንት ካምፕ ያዘጋጃል፤ ምዝገባው በኢንተርኔት ነው፤ ዘርፎቹም የሳይበር ደህንነት፣ የሶፍትዌር ልማት፣ ኢምቤድድ ሲስተም (በዕቃዎች ውስጥ የሚገጠም ኮምፒውተር) እና ኤሮስፔስ (የበረራና የጠፈር ቴክኖሎጂ) ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2024 የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም ደግሞ በነፃ ነው፤ ፕሮግራሚንግ፣ ዳታ ሳይንስ፣ አርቲፊሻል ኢንተለጀንስና የአንድሮይድ መተግበሪያ ሥራን ከመሠረቱ ያስተምራል፤ ለጨረሰም ሰርተፊኬት ይሰጣል።

በዓለም አቀፍ የሂሳብ ኦሊምፒያድ ላይ በግሌ መመዝገብ እችላለሁ?

አይቻልም። እያንዳንዱ አገር ቢበዛ 6 ተማሪዎች ያሉት አንድ ቡድን ነው የሚልከው፤ ቡድኑ የሚመረጠውም በአገር ውስጥ ነው። ተወዳዳሪው ከ20 ዓመት በታች መሆንና ዩኒቨርሲቲ አለመግባት አለበት። ውድድሩ እ.ኤ.አ. በ1959 በሩማንያ ተጀመረ። ፈተናው ሁለት ቀን ነው፤ በየቀኑ 3 ጥያቄ በ4 ሰዓት ተኩል፤ እያንዳንዱ ከ7፣ ድምሩ ከ42። ከተወዳዳሪዎቹ እስከ ግማሽ የሚሆኑት ሜዳሊያ ያገኛሉ፤ ወርቅ፣ ብርና ነሐስ 1 ለ2 ለ3 በሚሆን ምጣኔ ይከፋፈላሉ። ሜዳሊያ ያላገኘ ነገር ግን አንድ ጥያቄ ሙሉ በሙሉ የሠራ የክብር ምስክር ወረቀት ይሰጠዋል።

እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ የሚካሄደው የመላ አፍሪካ የሂሳብ ኦሊምፒያድም ተመሳሳይ መንፈስ አለው። የፊዚክሱ ከ1967፣ የኬሚስትሪው ከ1968፣ የኢንፎርማቲክሱ (የኮምፒውተር ፕሮግራሚንጉ) ከ1989፣ የባዮሎጂው ከ1990 ጀምሮ አሉ፤ ሁሉም እ.ኤ.አ. ነው። በእነዚህም ቢሆን መንገዱ በአገር አቀፍ ምርጫ በኩል ነው። «ስምህ ተመርጧል፤ የመመዝገቢያ ገንዘብ አስገባ» የሚል መልእክት በቴሌግራም ከደረሳችሁ ለርዕሰ መምህሩ ሳታሳዩ ሳንቲም አትላኩ።

የኦሊምፒያድ ጥያቄ ከክፍል ፈተና በምን ይለያል?

የክፍል ፈተና በአብዛኛው ምርጫ ነው፤ መልሱን ማጥቆር ይበቃል። የኦሊምፒያድ ጥያቄ ሙሉ ማረጋገጫ ይፈልጋል። ልዩነቱን በአንድ ምሳሌ እንየው። «ሙሉ ቁጥር የሆነ ሀ ይሰጥ፤ ሀ³ − ሀ ሁልጊዜ ለ6 እንደሚካፈል አረጋግጡ» ተባለ እንበል።

አንድ ተማሪ 1፣ 2፣ 3 እያለ እስከ 10 ሞክሮ «ለሁሉም ይሠራል» ብሎ ጻፈ። ይህ ምንም ነጥብ አያገኝም፤ አሥር ቁጥር መሞከር ስለ አሥራ አንደኛው ምንም አይልም። ሌላዋ ተማሪ ወደ (ሀ − 1) × ሀ × (ሀ + 1) ዘረዘረችው፤ እዚህ ላይ ብታቆም የተወሰነ ነጥብ ታገኛለች። ሦስቱ ተከታታይ ቁጥሮች ስለሆኑ አንዱ የግድ ለ3 ይካፈላል፣ ቢያንስ አንዱም ተጋማሽ ነው፣ 2 እና 3 የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው ብዜቱ ለ6 ይካፈላል ብላ ከጨረሰች 7 ከ7 ነው። የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር፣ ማለትም የጋራ አካፋይ የላቸውም የምትለው፣ ብዙ ጊዜ ትዘለላለች። አራሚዎች ነጥብ የሚቆርጡትም እዚያ ላይ ነው፤ ለ2 እና ለ4 መካፈል ለ8 መካፈልን አያመጣምና።

ሌሎች የተለመዱ ስህተቶች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው ዜሮ ሊሆን በሚችል ነገር ማካፈል ነው፦ ሀ² = 5ሀ ሲሰጥ ሁለቱንም ወገን በሀ አካፍሎ 5 ብቻ ማግኘት፤ 0 ጠፋ። ሁለተኛው ሁለቱንም ወገን በራሱ ካባዙ በኋላ መልሱን አለማጣራት ነው፦ √(ሀ + 6) = ሀ ሲሰጥ 3 እና −2 ይወጣሉ፤ −2ን መልሰው ቢያስገቡት ግን √4 = −2 ይላል፤ ሐሰት ነው። በእነዚህ ሁለት ስህተቶች የሚባክነው ነጥብ ካለማወቅ ከሚጠፋው አያንስም።

ዝግጅቱ በሳምንት ስንት ሰዓት ይፈልጋል? እንዴትስ ይጠና?

በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ አንድ ሰዓት ተኩል ለጀማሪ ይበቃል። ከውድድሩ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ሌሊቱን ሙሉ ከማጥናት መስከረም ላይ ጀምሮ እስከ ግንቦት በዚህ መጠን መሄድ እጅግ የተሻለ ነው። በአንድ ቁጭታ 30 ጥያቄ ሳይሆን 3 ጥያቄ ያዙ። አንድ ጥያቄ ላይ ቢያንስ 40 ደቂቃ ሳትታገሉ መፍትሔውን አትግለጡ። ካልሆነላችሁ የመፍትሔውን የመጀመሪያ መስመር ብቻ አይታችሁ ዝጉትና እንደገና ሞክሩ። በማግስቱ ደግሞ ምንም ሳታዩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጻፉት። የማግስቱ ሥራ ነው ትምህርቱን አእምሮ ውስጥ የሚያስቀረው፤ ብዙዎች የሚዘሉትም እሱኑ ነው።

ለዚህ የተለየ ደብተር ይኑራችሁ። በግራ ገጽ ጥያቄውና የከሸፉ ሙከራዎች፣ በቀኝ ገጽ ንጹሑ መልስ ይሁን። የከሸፈውን አትሰርዙ፤ ለምን እንደከሸፈ አጠገቡ በአንድ መስመር ጻፉ። ከሁለት ወር በኋላ ደብተሩን ስታገላብጡ ያው ስህተት አራት ጊዜ ተደግሞ ታገኙታላችሁ፤ ቀጣዩ ወር የሚጠናው እሱ ነው።

በሂሳብ ከአራት መስኮች ጋር ተላመዱ፦ የቁጥር ንድፈ ሐሳብ፣ አልጀብራ፣ ጂኦሜትሪና የቆጠራ ስልት። በእኛ መማሪያ መጻሕፍት ውስጥ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ጥቂት ስለሆኑ ከእነሱ መጀመር ይበልጥ ይጠቅማል። ለመለማመጃ ኤኤምሲ 8 የሚባለው የአሜሪካ የሂሳብ ውድድር የቆዩ ፈተናዎች ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል ይመቻሉ፤ 25 ጥያቄ በ40 ደቂቃ ነው፤ ለተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀነስም። የዓለም አቀፉ ኦሊምፒያድ ጥያቄዎች በሙሉ ከኢንተርኔት በነፃ ይገኛሉ። በእነሱ መጀመር ግን ስህተት ነው፤ የልጁን ወኔ ይሰብራል።

በትምህርት ቤታችን ምንም ክበብ የለም። ከየት እንጀምር?

ለዚህ ጥያቄ የምንሰጠው መልስ ቁርጥ ያለ ነው፦ ግብዣ አትጠብቁ፣ በዚህ ሳምንት ጀምሩ። የሚያስፈልገው አንድ ክፍል፣ ጥቁር ሰሌዳ፣ ቾክና አንድ ፈቃደኛ መምህር ነው። የተማሪው ቁጥር ከ12 እስከ 20 ይሁን፤ ከዚያ ከበለጠ መምህሩ ብቻ የሚናገርበት ሌላ ክፍል ይሆናል። ምርጫውን በደረጃ ብቻ አታድርጉት። 5 ጥያቄ ያላት አንድ ገጽ ወረቀት አዘጋጁ፤ ሁለቱ ክፍል ውስጥ ያልተማሩት ዓይነት ይሁኑ። የመጣ ሁሉ ይሞክር፤ መልሱን ሳይሆን ጽሑፉን አንብባችሁ ምረጡ።

ስብሰባው እንዲህ ቢሆን ይሠራል፦ 10 ደቂቃ ያለፈው ሳምንት ጥያቄ በአንድ ተማሪ ሰሌዳ ላይ ይቀርባል፣ 50 ደቂቃ በሁለትና በሦስት ሆነው አዲስ ጥያቄ ይሠራሉ፣ 25 ደቂቃ መፍትሔዎች ይነጻጸራሉ፣ 5 ደቂቃ ለቤት አንድ ጥያቄ ይሰጣል። መምህሩ በ50ዎቹ ደቂቃዎች ውስጥ መልስ አይናገርም። እዚህ ላይ ነው ክበቦች የሚበላሹት፤ መምህሩ ዝምታው ይከብደውና ያብራራል፤ ወሩ ሳያልቅ ክበቡ ማጠናከሪያ ትምህርት ሆኖ ያርፋል፤ ጎበዞቹም ይቀራሉ።

ሰዓቱን ከሰኞ እስከ ዓርብ ከትምህርት በኋላ ወይም ቅዳሜ ጠዋት አድርጉት። ከሰኔ እስከ መስከረም በጅማ ከሰዓት በኋላ የሚዘንበውን ዝናብ አስቡ፤ ከመርካቶም ይሁን ከጅሬን አካባቢ በእግር የሚመጣ ልጅ በዝናቡ ምክንያት ሁለት ጊዜ ከቀረ ሦስተኛውን አይመጣም። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርትን መርሁ ያደረገ ተቋም ስለሆነ፣ ለሚመለከተው ዲፓርትመንት በትምህርት ቤቱ ማኅተም ደብዳቤ ጽፎ በወር አንድ ጊዜ መምህር ወይም ከፍተኛ ተማሪ እንዲልክ መጠየቅ ተገቢ ነው። ደብዳቤው ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተማሪውን ብዛትና የሚፈለገውን ርዕስ ለይቶ ይናገር። «ትብብራችሁን እንጠይቃለን» ብሎ የሚያበቃ ደብዳቤ መዝገብ ቤት ይቀራል።

ለሳይንስ ኤግዚቢሽን ምን ዓይነት ሥራ ይሻላል?

በአካባቢያችሁ ሊለካ የሚችል ጥያቄ። ዳኛ ፊት የሚያሸንፈው የሚያብረቀርቅ ዕቃ ሳይሆን «ምን ጠየቅህ፣ እንዴት ለካህ፣ ስንት ጊዜ ደገምህ» ለሚለው መልስ ያለው ሥራ ነው። እያንዳንዱን ልኬት ቢያንስ ሦስት ጊዜ ድገሙ፤ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፣ ሌላው ሁሉ ባለበት ይቆይ።

ጅማ ለዚህ ሀብታም ናት። ቡናን እንውሰድ። የታጠበ ቡና በሽቦ አልጋ ላይና በሲሚንቶ ላይ ሲደርቅ ያለውን የፍጥነት ልዩነት ለመለካት አንድ ትክክለኛ ሚዛንና ትዕግሥት ይበቃል። ቡና ለማከማቸት እርጥበቱ ወደ 11 ወይም 12 በመቶ መውረድ አለበት። እዚህ ላይ አንድ የስሌት ወጥመድ አለ። እርጥበቱ 50 በመቶ የሆነ 1000 ግራም ቡና 12 በመቶ ሲደርስ ስንት ይመዝናል? ብዙ ተማሪ 50 ሲቀነስ 12፣ 38 በመቶ ጠፋ፣ ስለዚህ 620 ግራም ይላል። ልክ አይደለም። የማይለወጠው ደረቁ ክፍል ነው፤ እሱም 500 ግራም ነው። በመጨረሻ ይህ 500 ግራም የጠቅላላው 88 በመቶ ስለሚሆን 500 ÷ 0.88፣ ወደ 568 ግራም ይመጣል። ይህን ሰሌዳው ላይ አብራርቶ የቆመ ተማሪ ከዳኛ ጋር እኩል ይነጋገራል። መልኮ ያለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል በቡና ላይ የሚሠራ ስለሆነ ለጥያቄያችሁ የሚቀርብ ባለሙያ የሚገኘው ከዚያ ነው።

ገንዘብ የማይጠይቅ ሌላ ሥራ፦ የጥላ ልኬት። ጅማ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ከ40 ደቂቃ ገደማ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ ቀጥ ብላ ከአናት በላይ ትሆናለች፤ አንዱ በሚያዝያ የመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ ሌላው በነሐሴ መጨረሻ። የነሐሴውን ደመና ስለሚሸፍነው የሚያዝያውን ያዙ። አንድ ሜትር ቀጥ ያለ ዘንግ በቱንቢ አስተካክላችሁ ትከሉ፤ በየ5 ደቂቃው የጥላውን ጫፍ ምልክት አድርጉ። ጥላው የሚያጥረው ልክ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ አይደለም፤ 6 ሰዓት ከ34 ደቂቃ ገደማ ላይ ነው። ምክንያቱም የኢትዮጵያ ሰዓት የተቃኘው በ45 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ሲሆን ጅማ ያለችው ከ37 ዲግሪ ትንሽ ዝቅ ብላ ነው፤ ምድር አንድ ዲግሪ ለመዞር 4 ደቂቃ ስለሚፈጅባት 8 ዲግሪው ከግማሽ ሰዓት በላይ ያዘገያል። አንድ ዘንግ ብቻ ይዞ የከተማውን ኬንትሮስ ያሰላ ልጅ ጂኦግራፊንና ፊዚክስን አንድ ላይ ነው የተማረው።

በኤግዚቢሽን ላይ ሥራዎች የሚወድቁት ለምንድን ነው?

አንደኛው ምክንያት ሐሰተኛ መረጃ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 1,750 ሜትር ገደማ ባለችው ጅማ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ሪፖርቱ ላይ «ውሃው በ100 ዲግሪ ፈላ» ብሎ የጻፈ ተማሪ ከመጽሐፍ እንጂ ከቴርሞሜትር እንዳልጻፈ ዳኛው ወዲያው ያውቃል። ያገኛችሁት ቁጥር ከመጽሐፉ ከተለየ አታስተካክሉት፤ ለምን እንደተለየ መርምሩ። ግኝቱ ያለው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው።

ሁለተኛው አጎት ወይም የጥገና ባለሙያ የሠራው ዕቃ ነው። ዳኛው «ይህችን ሬዚስተር ባወጣት ምን ይሆናል?» ሲል ልጁ ዝም ይላል። ቢያንስ ይህን ይወቅ፦ 5 ቮልት ላይ ያለች ቀይ ኤልኢዲ (ትንሽ መብራት) ራሷ 2 ቮልት ያህል ትወስዳለች፣ የቀረው 3 ቮልት በ220 ኦም ሲካፈል 14 ሚሊአምፒር ገደማ ይሆናል፤ ፍሰቱን የምትገድበው ሬዚስተሯ ከወጣች ብዙ ኤሌክትሪክ ያልፍና ኤልኢዲዋ ትቃጠላለች።

ሌሎቹ ጥቃቅን ናቸው፤ ዓመቱን ሙሉ የተለፋበትን ሥራ ግን ያስቀራሉ። በባጃጅ ኮብልስቶን ላይ ሲሄድ የተበየደ ሽቦ ይነቀላል፤ ዕቃውን ጣውላ ላይ በብሎን አስራችሁ በስፖንጅ በተሞላ ካርቶን ውሰዱት። መብራት ይጠፋል፤ ሥራችሁ በባትሪ መሠራት ይችል፣ ትርፍ ባትሪም ያዙ። ለመስኖ የሚሠሩ የአፈር እርጥበት መለኪያዎች ሁለት ጥርስ ያላቸው ከሆኑ ኤሌክትሪክ ሁልጊዜ ሲያልፍባቸው በቀናት ውስጥ ይዝጋሉ፤ ስትለኩ ብቻ የሚበራ አድርጓቸው። ፖስተሩ ላይ ጽሑፍ አታብዙ፤ ከሁለት ሜትር ላይ መነበብ አለበት።

ለጥያቄና መልስ ቡድን እንዴት ይመረጣል?

የቡድኑ አራቱም አባላት ባዮሎጂ የሚወዱ ከሆነ ቡድኑ ተሸንፏል። አንድ የሂሳብና ፊዚክስ፣ አንድ የኬሚስትሪና ባዮሎጂ፣ አንድ የታሪክና ጂኦግራፊ፣ አንድ ደግሞ የቋንቋና የጠቅላላ ዕውቀት ልጅ አድርጉ። ማን የመጨረሻውን መልስ እንደሚናገር አስቀድማችሁ ወስኑ። በልምምድ ላይ በ30 ሰከንድ ተለማመዱ፤ ጥያቄው ሳያልቅ የመመለስን ልማድ አስወግዱ።

ልጄ እስከ 8ኛ በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ ነው የተማረችው። እንግሊዝኛው አይጎዳትም?

በመጀመሪያው ዓመት ይጎዳታል፤ ይህን መካድ አይገባም። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱም የጽሑፍ ውድድሩም በእንግሊዝኛ ነው። ሂሳቡን እያወቀች «ቢያንስ»፣ «ቢበዛ»፣ «ልዩ ልዩ» የሚሉትን ቃላት በእንግሊዝኛ ስላልያዘች የምትወድቅ ልጅ ብዙ ናት። መድኃኒቱ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ በውድድር ጥያቄ ውስጥ የሚመላለሱትን አንድ መቶ ያህል ቃላት በሦስት ዓምድ መጻፍ ነው፦ እንግሊዝኛ፣ አፋን ኦሮሞ፣ አማርኛ። ማሰቡን ግን በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ ታድርገው፤ ክበብ ውስጥም በፈለገችው ቋንቋ ትከራከር። በዓለም አቀፉ የሂሳብ ኦሊምፒያድ እንኳ ተወዳዳሪ ጥያቄውን በመረጠው ቋንቋ የማግኘትና በዚያው ቋንቋ የመጻፍ መብት አለው።

ኮምፒውተር የለንም። ፕሮግራሚንግ መማር ይቻላል?

ይቻላል፣ በተወሰነ ደረጃ። በአንድሮይድ ስልክ ፓይድሮይድ የሚባለውን መተግበሪያ ጭኖ ያለ ኢንተርኔት በፓይተን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ መጻፍ ይቻላል። አልጎሪዝም ማሰብ ደግሞ ወረቀትና እርሳስ ብቻ ነው የሚፈልገው። ለኢንፎርማቲክስ ኦሊምፒያድ ግን ሲ ፕላስ ፕላስ የሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋና እውነተኛ ኪቦርድ የግድ ናቸው፤ ፈተናው በየቀኑ 5 ሰዓት፣ ሁለት ቀን ነው። ትምህርት ቤታችሁ የኮምፒውተር ክፍል ካለው በሳምንት ሁለት ሰዓት በመምህር ኃላፊነት እንዲከፈት በወላጅ መምህር ኅብረት በኩል ጠይቁ። ለኢንተርኔት የሌሊት ጥቅል ርካሽ ስለሆነ ቪዲዮና ጥያቄዎችን አውርዶ በፍላሽ ማከፋፈል ይቻላል፤ ኮሊብሪ የሚባለው ፕሮግራም የካን አካዳሚ ትምህርቶችን ያለ ኢንተርኔት ያሳያል፤ ፌት (PhET) የሚባሉት በኮምፒውተር የሚሠሩ የሳይንስ ሙከራ ማሳያዎችም ወርደው ይሠራሉ።

ማኅበራዊ ሳይንስ ለሚወዱ ልጆችስ?

ተረስተዋል፤ ይህ ያሳዝናል። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የገዙት የንጉሥ አባ ጅፋር ሁለተኛ ቤተ መንግሥት ጅሬን ላይ ቆሞ፣ የጅማ ሙዚየምም እዚሁ እያለ፣ ታሪክን ከደብተር ብቻ መማር አይገባም። ጥሩ ሥራ የሚሆነው ጠባብ ጥያቄ ነው፦ ለምሳሌ የአንድ ገበያ ቀን ለምን በዚያ ዕለት ሆነ? ከሦስት አዛውንቶች ለየብቻ ጠይቁ፣ የሚስማሙበትንና የማይስማሙበትን ለይታችሁ ጻፉ፣ ከዚያ ከጽሑፍ ማስረጃ ጋር አነጻጽሩ። ክርክር ክበብም ጥሩ ነው፤ ተማሪው ከማያምንበት ወገን ቆሞ እንዲከራከር ማድረግን አትርሱ።

12ኛ ክፍል ላይ ውድድር መግባት ይጠቅማል?

በአብዛኛው አይመከርም። የውድድር ጥሩ ዕድሜ ከ7ኛ እስከ 11ኛ ክፍል ነው። ዓለም አቀፉ የሂሳብ ኦሊምፒያድ በሐምሌ ወር አካባቢ ስለሚሆን ከብሔራዊ ፈተና ወቅት ጋር ሊጋጭ ይችላል። ለ12ኛ ክፍል ተማሪ በሳምንት አንድ ከባድ ጥያቄ አእምሮውን ንቁ ለማድረግ ይበቃዋል።

መምህር ነኝ። ሥራውን በ10 ደቂቃ ጨርሶ ክፍሉን የሚረብሽ ተማሪ አለኝ። ምን ላድርገው?

ተጨማሪ ተመሳሳይ ጥያቄ አይስጡት፤ ለፍጥነቱ ቅጣት ይሆንበታል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ቀስ ብሎ ይሠራል። ሁልጊዜ ደካሞችን እንዲያስጠና ማድረግም የእሱን ትምህርት አይተካም። ይልቁን ከ10 ጥያቄ መጨረሻ ያሉትን 3 ከባዶች መጀመሪያ ይሥራ፤ በትክክል ከሠራ 7ቱን ይለፍና በተረፈው ጊዜ ራሱ ጥያቄ ይፍጠር፦ ቁጥሩን ሳይሆን ሁኔታውን ለውጦ። «ሦስት ማዕዘኑ አራት ማዕዘን ቢሆን ይሠራል?» የሚለው ዓይነት አንድ ጥያቄ ክፍለ ጊዜውን ይጨርሳል።

ክፍል አጥፎ ማለፍን በተመለከተ፦ የሚጠቅማቸው አሉ፤ ግን በሁሉም ትምህርት ዝግጁ የሆነና ራሱም የሚፈልግ ልጅ ብቻ ነው። በሂሳብ ብቻ የቀደመ ልጅ በሂሳብ ክፍለ ጊዜ ከላይኛው ክፍል ጋር ቢቀመጥ ይሻለዋል።

ሴት ልጆች በክበብ ውስጥ ለምን ያንሳሉ?

ብዙ ጊዜ ችግሩ ሰዓቱ ነው። ክበቡ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ካለቀ ወላጅ አይፈቅድም፤ የቤት ሥራም ይጠብቃታል። 10 ሰዓት ላይ እንዲያልቅ ወይም ቅዳሜ ጠዋት እንዲሆን ማድረግ ብቻውን ቁጥሩን ይለውጣል። አንዲት ሴት ብቻ ያለችበት ቡድን አታዋቅሩ፤ ሁለት ይሁኑ። ሰሌዳ ላይ የመውጣቱም ተራ በፈቃደኝነት ሳይሆን በዝርዝር ይሁን፤ አለዚያ ሁልጊዜ የሚወጡት እነዚያው ሦስት ወንዶች ይሆናሉ።

ልጄ ተሸንፎ መጣና «አልችልም» ብሎ ተወው።

በክፍሉ ሁልጊዜ አንደኛ የነበረ ልጅ ከባድ ጥያቄ ሲገጥመው ይህ ይደርሳል፤ ከዚያ በፊት ምንም ከብዶት ስለማያውቅ መክበዱን የማይችል የመሆን ምልክት አድርጎ ይወስደዋል። ለሳምንት ተዉት፤ ከጎረቤት ልጅ ጋር አታወዳድሩት። ከዚያ የፈተናውን ጥያቄዎች እንደምንም አግኙና አንዷን ብቻ፣ መልሷን ለማግኘት የተቃረበባትን፣ ያለ ሰዓት ገደብ ይሥራት። ዋናው ነገር ውጤቱ እንዳልሆነ በቃል ከመንገር ይልቅ በየሳምንቱ የሚታገልበት ጥያቄ እንዳይቋረጥ ማድረግ ይበልጣል። ውድድር በዓመት አንድ ቀን ነው፤ ልጁን የሚያሳድገው የሳምንቱ ሰዓት ነው።

ልጄ ለክልል ወይም ከዚያ በላይ ብትመረጥ ምን ሰነድ ይዘጋጅ?

ከመመረጧ በፊት ይዘጋጅ። የልደት ምስክር ወረቀት፣ ትራንስክሪፕት፣ የትምህርት ቤት መታወቂያና አራት ጉርድ ፎቶ በአንድ ፖስታ ይኑሩ። ከሁሉ በላይ የስሟ የእንግሊዝኛ ፊደል በሁሉም ሰነድ አንድ መሆኑን ያረጋግጡ፤ በአንዱ ላይ አንድ ፊደል ከተለየ ፓስፖርት ላይ ይያዛል፤ ማስተካከያውም ሳምንታት ይወስዳል። የልደት ቀኗ በኢትዮጵያና በአውሮፓ አቆጣጠር ተጽፎ ከሆነ ሁለቱ መግጠማቸውን ያስሉ፦ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ አልፎ የአውሮፓ ዓመት እስኪለወጥ ልዩነቱ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ነው። አንዳንድ ሰነድ ላይ 8 ብቻ ተቀንሶ ወይም ተደምሮ ስለሚጻፍ ልጅቷ በአንድ ዓመት አድጋ ወይም አንሳ ትገኛለች፤ የዕድሜ ገደብ ባለው ውድድር ላይ ይህ ያስቀራል። ለአካለ መጠን ያልደረሰች ስለሆነች የፓስፖርት ማመልከቻው ወላጅ ይጠይቃል፤ የወላጅ መታወቂያ ጊዜው እንዳላለፈበትም አብረው ይመልከቱ።